እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ

ሰኞ፣ ግንቦት 2

አለቃችን ዛሬ ጠሩኝና "የሰኔ እንግዶች መምጣታቸው አይቀርም። የምታሳዪው ነገር ከሌለሽ ቦታዋን ለሌላ ተማሪ ስጡ ይሉኛል" አሉኝ። እንግዶቹ ገምጋሚዎች ናቸው። በየዓመቱ ይመጣሉ፣ ኬክ ይበላሉ፣ ሰው ይቀንሳሉ። ስንት ዓመት የለፋሁበት ዶክትሬት እነሱ ኬክ ሲያላምጡ ይወሰናል ማለት ነው። "እሺ" ብዬ ወጣሁ። ከእሺ ሌላ ምን እላለሁ?

ሰው ሲጨንቀው ወይ ይጸልያል ወይ ይበላል። እኔ ሁለቱንም ሞክሬ ስላልሆነልኝ ይኸው ደብተር ገዛሁ።

ስራዬን እዚህ ላስፍር፣ ምናልባት ለራሴም ይገባኝ ይሆናል። ባክቴሪያ የሚበላ ቫይረስ አለኝ። ሰው አይነካም፤ ይህንን አክስቴን አሳምኛት አላውቅም፣ እስካሁን ስትስመኝ ትንፋሿን ይዛ ነው። ቫይረሱ ዲኤንኤውን ባክቴሪያው ውስጥ ይከትና እዚያው ያባዛዋል። የሚያባዛለት አንድ ፕሮቲን አለው፤ የዲኤንኤውን ፊደል አንድ በአንድ እየገለበጠ ቅጂ ያወጣል። እኔ "ገልባጩ" እለዋለሁ። የዚህን የገልባጩን ጂን ወስጄ አንዳንድ ፊደል አበላሽበትና መገልበጥ ያቅተው እንደሆነ አያለሁ። ባጭሩ ደህናውን ነገር አበላሽቶ ለምን ተበላሸ ብሎ መጠየቅ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 4

የተበላሹትን ቫይረሶች በየብልቃጡ ከትቼ ፍሪዘር አስገባሁ። የእንግሊዝኛ ፊደሎቹን ጎረቤቴ ለራሱ ብልቃጦች ቀድሞ ስለያዛቸው እኔ ሀ ሁን ወርጄ ለጠፍኩ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ። ጎረቤቴ ያልኩት የስራ ጠረጴዛ ጎረቤቴን ነው። በግራዬ ይቀመጣል። ያፏጫል። ስለሱ ሌላ የሚጻፍ ነገር የለም።

ሀ እና ሐ ገና ከጅምሩ ሞተዋል። ተስፋዬ መጨረሻዋ ላይ ነው፣ ሰ። ሰ በደህናው ቀን ገልባጯ ይሰራል፤ ሙቀት ሲበዛባት ግን እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሠ ደግሞ ለምንም የማትሆን ናት። ፊደሏ ተቀይሯል፣ የሚወጣው ፕሮቲን ግን ያው ነው። እንዲህ ያለውን "ድምፅ አልባ ለውጥ" እንለዋለን፣ ስህተት ሆኖ ስህተትነቱ የማይሰማ።

ቤት ስገባ አባባ ከስጋ ቤቱ ባለቤት ጋር ተጣልቶ ደረሰ። አባባ ጡረታ የወጣ የቋንቋ መምህር ነው፤ ክፍል ውስጥ የሚያርመው ተማሪ ስላለቀበት አሁን የመንገድ ማስታወቂያ ያርማል። "ሥጋ በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው! ይሄ ሰውዬ በእሳቱ ሰ ጽፎ መንገደኛ ያሳስታል!" አለኝ። እሱ እንደሚለው ሠ "ንጉሡ" የተባለው ንጉሥ የሚለው ቃል ስለሚጻፍበት ነው፣ ሰ ደግሞ እሳት ስለሚጻፍበት "እሳቱ"። ድምፃቸው አንድ ከሆነ ምን አጨቃጨቀን አልኩት። ባለ ስጋ ቤቱም "አባባ፣ በሁለቱም ኪሎው ያው ነው" ብሎት ነበር አሉ። እኔ ከባለ ስጋ ቤቱ ጋር ነኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 6

ባክቴሪያ የማበቅልባቸው ሳህኖች አልደረቁም። ማሞቂያው ሳጥን፣ ኢንኩቤተሩ፣ ይጮሃል። ጎረቤቴ ያፏጫል። ምሳ ረሳሁ። ግማሽ ሳንድዊቹን ሰጠኝ። የበላሁት እንዳይቀየም ብዬ ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 10

ትልቁን ሙከራ ዛሬ ጀመርኩ። እጄ በጓንት፣ ሳህኖቹ ተደርድረው፣ ሰዓቱ እየሮጠ፣ ብልቃጧን ከፍሪዘር ማውጣት ረስቻለሁ።

"ሰን አውጣልኝ!" ብዬ ጮህኩ።

"የትኛዋን?" አለ ጎረቤቴ።

"ሰን ነዋ! ሰ! ጆሮህን ፉጨት ደፈነው እንዴ?"

አምጥቶ በረዶው ላይ ሰካልኝ። ጠብታ ወሰድኩ፣ ከባክቴሪያው ጋር ደባለቅኩ፣ ሳህኑ ላይ "ሰ" ብዬ ጻፍኩና ሙቀቱ ውስጥ ከተትኩ። እንዲያ መጮህ አልነበረብኝም። ነገ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ወይም ከነገ ወዲያ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 11



ሳህን ላይ ባክቴሪያው እንደ ስስ ደመና ይለብሳል። ቫይረስ ከተባዛ እየበላ ያልፍና ክፍት ነጥብ ይተዋል፤ ካልተባዛ ደመናው እንዳለ ይቀራል። የሰ ሳህን በዚያ ሁሉ ሙቀት ምንም ነጥብ ሊኖረው አይገባም ነበር። ጠዋት ስከፍተው ወንፊት ሆኗል! ነጥቦቹ ከጤነኛው ቫይረስ ነጥቦች ትንሽ ያንሳሉ፣ ግን ነጥብ ነጥብ ነው። ገልባጯ ሙቀት ላይ ስራ ካቆመ ዲኤንኤዋን ማን ገለበጠላት? ሌላ አለ ማለት ነው! ቫይረሱ ማንም የማያውቀው ሁለተኛ ገልባጭ ደብቋል!

አለቃችን ሳህኑን ወደ መስኮቱ አንስተው አዩት። ከዚያ አቀፉኝ። እሳቸው ሰው ሲያቅፉ ያየ የለም። ጎረቤቴ አጨበጨበልኝ፤ ይቅርታውን ረሳሁት።

ዓርብ፣ ግንቦት 13

አክስቴ ደወለች። ደስታዬን ማፈን አቅቶኝ "ገልባጩ ሲበላሽ ስራው ይቆማል ብለን ነበር። ለካ ሌላ ገልባጭ አለን!" አልኳት።

"ሁለት ነው ያላችሁ?" አለች በቀስታ።

"ሁለት ሳይሆን አይቀርም።"

"አባትሽ ግን ሲደብቅ! ማነው የሚይዘው?"

"እኔና ጎረቤቴ።"

"ጎረቤትሽ ወንድ ነው? አግብቷል?"

"አላገባም። ምን አገናኘው?"

"ምንም፣ ምንም። እግዚአብሔር ሲሰጥ እንዲህ ነው" አለችና ዘጋችው። ከቤተሰቡ ሁሉ ሳይንስ የገባት እሷ ብቻ መሆኗን እስከዛሬ አላወቅኩም ነበር።

ሰኞ፣ ግንቦት 16

ሙከራውን ደገምኩት። ማንንም ላላስቸግር ብዬ ብልቃጧን ራሴ አወጣሁ። ምንም የለም። አንድም ነጥብ። ሳህኑ እንደ ግድግዳ ድፍን ነው።

ኢንኩቤተሩ ነው። ኢንኩቤተሩ መሆን አለበት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 18

ኢንኩቤተሩ አይደለም። ቴርሞሜትር ከትቼ ከፊቱ ተቀምጬ ውዬ ልክ ሆኖ ተገኘ። ባክቴሪያዎቹም አይደሉም፣ ውሃውም አይደለም። ትናንት ስመዝን እጄ ስለተያዘ ብልቃጧን ጎረቤቴ አወጣልኝ፤ ዛሬ እንደገና ወንፊት! እሱ ሲያወጣት ትባዛለች፣ እኔ ሳወጣት ትሞታለች።

ለአለቃችን ስነግራቸው ብዙ አሰቡና "አንዳንድ ሰው እጁ ይቀናዋል። ከእንግዲህ ብልቃጧን እሱ ያውጣ" አሉ። ፕሮፌሰር እኮ ናቸው! ጎረቤቴ አፍሮ አንገቱን ደፋ። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስንት ዓመት የተማርኩትን ነገር እሱ በእጁ መቅናት በለጠኝ። ስወጣ ጠረጴዛዬ ላይ ቸኮላት ተቀምጧል። በንዴት በላሁት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 21

ጠዋት ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰውዬ የቤታችንን በር አንኳኳ። "ስለ ገልባጩ ነበር የመጣሁት" አለ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ቀድሞ ሊያጣራ መጣ ብዬ አስገባሁት፣ ሻይ አቀረብኩለት፣ ከመጀመሪያው አስረዳሁት።

"አቅሙስ እንዴት ነው?" አለ።

"በአንድ ሴኮንድ ብዙ መቶ ይገለብጣል።"

ሻይ ትን አለው። "በሴኮንድ! ሹፌሩ ማነው?"

"ሹፌር አያስፈልገውም፣ መንገዱን ይዞ በራሱ ይሄዳል። ችግሩ ሲሞቅ ነው።"

"እሱስ ሁሉም ሲሞቅ ያስቸግራል፣ ራዲያተር ነው" አለ ራሱን እየነቀነቀ። "እና ስንት ሜትር ኩብ ይይዛል?"

"የምን ሜትር ኩብ?" አልኩት።

"እህቴ" አለኝ ሰውዬው በመጨረሻ፣ "እኔ አሸዋ ነው የማስጭነው። አክስትሽ ሁለት ገልባጭ መኪና አላቸው ብላኝ ነው።"

አባባ ከጓዳ ሆኖ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። አክስቴ ጋ ደውዬ መኪና እንደሌለን ብነግራት "ይገባኛል፣ በስልክ አይወራም" አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 24

አለቃችን ለእንግዶቹ ጻፉ። "አዲስ ግኝት" ብለው ጻፉ። አሁን ወደኋላ የለም።

ጎረቤቴ አወጣ፣ ተባዛ። እኔ አወጣሁ፣ ሞተ። እጄን በሳሙና፣ በአልኮል፣ በሎሚ ታጠብኩ። ለብልቃጧም ቀስ ብዬ አወራኋት፣ "ምን በደልኩሽ?" አልኳት። ጎረቤቴ ሰማኝ መሰለኝ፣ ፉጨቱን አቆመ። ካቆመ በኋላ ክፍሉ ጭር አለብኝ። እንዲያው ለመዝገብ ያህል ነው የጻፍኩት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 28



ዝናቡ ስላላቆመ ጎረቤቴ በመኪናው ቤት አደረሰኝ። በር ላይ ደህና ዋል ብለው ያበቃ ነበር፤ አባባ ግን መስኮቱ ላይ ቆሞ "ልጁን ዝናብ ላይ አታቁሚው!" ብሎ ጮኸ። ገባ። ጸጉሬን ያስተካከልኩት ስለረጠበ ነው።

አባባ ለማንም አዲስ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፣ ፈተና አቀረበለት። "ሠዓሊ በየትኛው ሰ ነው?"

"ስዕል የሚስለው ከሆነ በንጉሡ" አለ ጎረቤቴ። "በግዕዝ የሚለምነው ከሆነ በእሳቱ።"

አባባ ወንበሩን አስጠጋ። "ሠረቀስ?"

"ፀሐይ ከሆነች በንጉሡ፣ ሌባ ከሆነ በእሳቱ።"

"አንቺ! ይሄን ልጅ የት ደብቀሽው ነው የከረምሽው?" አለኝ አባባ። እኔ ሻዩን አማስል ነበር። ስኳር አልጨመርኩበትም፣ ግን አማስል ነበር።

ከዚያ አባባ ስለ ግኝቱ ጠየቀ፤ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነው። "እስቲ ንገሩኝ፣ ያቺ ሙቀት የማይበግራት ማናት?"

"ሰ ናት" አልኩት።

"እሳቱ ናት ንጉሡ?"

"እሳቱ" አልኩ እኔ።

"ንጉሡ" አለ ጎረቤቴ።

እኩል ነበር ያልነው፣ በአንድ አፍ። ማንኪያዬ ቆመ። ጎረቤቴ ወደኔ ዞረ፣ ፊቱ ቀስ እያለ ነጣ። አባባ "ከሁለት አንዳችሁ ተሳስታችኋል" አለ፣ በደስታ።

እሱ "ሰን አውጣ" ስለው ከፊት ጀምሮ ያነብና መጀመሪያ ያገኛትን ያመጣል። መጀመሪያ ያለችው አምስተኛዋ ናት፣ ሠ። ያቺ ለምንም የማትሆነው፣ ገልባጯ ደህና የሆነው! ደህና ገልባጭ ይዛ ሙቀት ላይ መባዛቷ ምን ይገርማል? እኔ ሳወጣ ደግሞ ሰን ነው የማወጣው፣ ትክክለኛዋን፣ እሷም እንደሚገባት ትሞታለች። ሁለተኛ ገልባጭ የለም። የእጅ መቅናት የለም። ብልቃጡን ሲሰጠኝ ክዳኑን አይቻለሁ እኮ! "ሰ" ብዬ አንብቤያለሁ። በጆሮዬ ነው ያነበብኩት፣ ዓይኔማ አላየውም።

"የትኛዋን?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ጮህኩበት። ዛሬ "ጠይቄሽ ነበር" ማለት ይችል ነበር፣ አላለም። "ነገ እንነጋገራለን፣ አይዞሽ" ብሎ ጃንጥላውን ረስቶ ወጣ።

እሁድ፣ ግንቦት 29

ማንም አያውቅም። እኔ፣ እሱና አባባ ብቻ። አባባ ደግሞ የገባው ፊደሉ እንጂ ጉዳዩ አይደለም። ብልቃጧን እሱ ያወጣል፣ እንግዶቹ ወንፊቱን ያያሉ፣ ኬካቸውን በልተው ይሄዳሉ፣ እኔ ዶክተር እሆናለሁ። ይህንን እያሰብኩ ፊቴን በመስታወት አየሁት። ሰረቀ፣ በእሳቱ።

ጎረቤቴ ደወለ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ያሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ ለአለቃችን ልንገራቸው?" አለኝ።

"ቦታህን ያሳጡሃል እኮ።"

"ያሳጡኝ።"

እንዲህ የሚል ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። እወደዋለሁ። ይኸው ጻፍኩት። ከመጀመሪያው ሳንድዊች ጀምሮ ነው መሰለኝ። ግን በኔ ጥፋት እሱን አላስጠይቅም። ነገ ራሴ እነግራቸዋለሁ አልኩት።

ሰኞ፣ ግንቦት 30

ነገርኳቸው። ተቀመጪ ቢሉኝም ቆሜ ነው የነገርኳቸው። አለቃችን መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ።

"እስቲ ልድገመው" አሉ። "በፊደል ስሕተት ላይ ምርምር እየሠራሽ፣ በፊደል ስሕተት…"

"አዎ።"

"እኔ ደግሞ እጁ ይቀናዋል አልኩ።"

"አዎ።"

"ይህን ለማንም አትንገሪ" አሉ። ከዚያ ሣቁ። ሲሥቁም ያየ የለም። ጠረጴዛውን ይዘው ሣቁ፣ ሣቃቸው ሲያልቅ ግን ፊታቸው ጠቆረ። ለእንግዶቹ የተጻፈው ደብዳቤ ተልኳል። "ሂጂና ሳህኖቹን ሁሉ አምጪልኝ። ከወደቅን ያየነውን አውቀን እንውደቅ" አሉኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 3

ሥራ። ሥራ። ሥራ። (በንጉሡ።)

ለብልቃጦቹ ሁሉ ስም ሰጠኋቸው። ጎረቤቴ በረዶ ያመጣል፣ ክዳኑን ጮክ ብሎ ያነባል፦ "ንጉሡ ሠ ገብተዋል!" እኔ "ይግቡ!" እላለሁ። አለቃችን በበሩ ሲያልፉ ሰምተው መነጽራቸውን አወለቁ።

እና አንድ ነገር አለ። እነዚያ ትንንሽ ነጥቦች። ግንቦት 11 ቀን "ነጥብ ነጥብ ነው" ብዬ ያለፍኳቸው። ሠ ፕሮቲኗ እንደ ጤነኛው ከሆነ ነጥቦቿም እንደ ጤነኛው መተለቅ ነበረባቸው። አልተለቁም። ሙቀቱ ውስጥ ሁሌም ያንሳሉ። ደግመን አየን፣ ያንሳሉ። የዲኤንኤዋን ቅጂ ለካን፣ ከጤነኛው ዘግይታ ነው የምትገለብጠው። ድምፅ አልባ ያልናት ለውጥ ድምፅ አላት ማለት ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አለማወቄ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ለአባባ ነገርኩት። "ድምፃቸው አንድ ከሆነ ምን አጨቃጨቀን ያለችኝ ልጅ የት ሄደች?" አለ። ራቱን በልቶ እስኪነሣ ድረስ ደጋግሞ ጠየቀኝ።

ሰኞ፣ ሰኔ 7

መጡ። ኬኩን በሉ። አለቃችን ተነሥተው "ሁለተኛ ገልባጭ አለ ብዬ ጽፌላችሁ ነበር፣ የለም" አሉ። የአንዱ ሹካ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ እኔ ተነሥቼ ሁሉንም አልኩት፣ እሳቱንም፣ ንጉሡንም፣ የእጅ መቅናቱን ግን ዘለልኩት፤ አለቃችን በዓይናቸው አመሰገኑኝ። ሲሥቁ ጠበቅኩ። ሣቁ። ሲያበቁ ሽበታሙ ገምጋሚ "የመጀመሪያው ቢሆን አላምንሽም ነበር" አለኝ። "ይሄኛው ትንሽ ነው፣ ግን አለ። በሠ ላይ ብቻ ሥሪና በሚመጣው ሰኔ አሳዪን።"

ቦታዬ አልሄደም። ኮሪደሩ ላይ ጎረቤቴን አቀፍኩት። የስንት ሰው ዓይን እንደነበረ አላየሁም፤ ሰው ሁሉ አየሁ ይላል።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 12

ጎረቤቴ ጃንጥላውን ሊወስድ መጣ። ፀሐይ ነው፣ ደመና የሚባል የለም። አባባ ጃንጥላውን ደብቆታል፣ እንዲቀመጥ።

ሁለታችንንም ጠረጴዛው ጋ ጎን ለጎን አስቀመጠን። ቀይ እርሳሱን አወጣ። "የመጨረሻ ጥያቄ" አለ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። "ሠርግ በየትኛው ሰ ነው የሚጻፈው?"

"በንጉሡ!" አልን።

እንደገና በአንድ አፍ ነበር። ጎረቤቴ ወደኔ ዞረ፣ እኔም ወደሱ፣ አሁን ፊቱ የሚሄድበት ቀለም ሌላ ነበር። እጁ ከጠረጴዛው በታች እጄን አገኘው፤ የእውነትም እጁ ይቀናዋል።

አባባ ቀይ እርሳሱን ኪሱ ከተተ። "እንግዲህ እርማት የለኝም" አለና ወደ ስልኩ ሮጠ።

ጥቂት ቆይቶ አክስቴ ደወለች። እልል ብላ፣ አልቅሳ፣ መርቃ ስትጨርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ለሠርጉ ወንበርና ድንኳን የሚያመላልስ ያስፈልገናል። ያ ገልባጩ ተጠገነ?"

"ተጠግኗል" አልኳት።